ለውጥን የሚቃወም ተመካሪን መርዳት

በሚስቱ ጉትጎታ ወደ ቢሮዎ የመጣ ባል፣ «መጠጡ እኔን አልጎዳኝም» ቢልዎ ምን ይመልሳሉ? ብዙዎቻችን ጥቅስ ጠቅሰን ወደ ማስረዳት እንገባለን። እርሱም ይሟገታል፤ በተሟገተም ቁጥር በአቋሙ ይጸናል።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊልያም ሚለር፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ከጠጪዎች ጋር ስለሚደረግ ምክክር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ተቃውሞ ከተመካሪው ጠባይ ብቻ ሳይሆን ከአማካሪው አቀራረብም እንደሚወለድ አሳይተዋል። በሰውየው ልብ ውስጥ መተውም አለመተውም አሉ። እርስዎ ለመተው ከተከራከሩ፣ ለእርሱ የሚቀረው ሌላውን መከላከል ነው።

ስለዚህ ይጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ መጠጡን መተው ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ያስፈልግሃል?» «3» ካለ፣ «ለምን 10 አልሆነም?» አይበሉት፤ ሰበብ ይደረድራል። «ለምን 0 አላልክም?» ቢሉት ግን የሚመልሰው የራሱን የለውጥ ምክንያት ነው። ያንን ደግመው ያሰሙት፤ ከመምከርዎም በፊት ፈቃዱን ይጠይቁ።

ይህ ኃጢአትን ማቃለል አይደለም። ናታን ዳዊትን በራሱ አፍ ካስፈረደው በኋላ እውነቱን ፊት ለፊት ነግሮታል (2ሳሙ. 12)። ሚስቲቱ አደጋ ላይ ከሆነች ደግሞ ደኅንነቷ ይቀድማል። የእኛ ድርሻ ለልቡ በር መክፈት ነው፤ የሚለውጠው መንፈስ ቅዱስ ነው።