የአረብ ብረት ብስክሌት በልክ ሲሠራ

ብስክሌት በፋብሪካ በብዛት በሚመረትበት በዚህ ዘመን፣ በእንግሊዝ፣ በኢጣሊያና በአሜሪካ የሚገኙ አነስተኛ ወርክሾፖች ዛሬም ለአንድ ሰው አንድ ፍሬም በእጅ ይሠራሉ። ልብስ ሰፊ ልክ እንደሚወስድ ሁሉ፣ ፍሬም ሠሪውም የደንበኛውን የእግር፣ የክንድና የወገብ ልክ ይወስዳል። ይሁንና ልብስ ቢጠብ ተተርትሮ ይሰፋል፤ የተበየደ ብረት ግን አንዴ ከቀዘቀዘ በኋላ ዘዌውንም ሆነ ርዝመቱን ማስተካከል እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ የብየዳው እሳት ከመለኮሱ በፊት የሚሰጠው ውሳኔ ከባለቤቱ ጋር ለብዙ ዓመታት አብሮ ይኖራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ውሳኔዎቹ በምን ቅደም ተከተል ቢወሰዱ እንደሚሻል ከፊዚክስ አንጻር ማሳየት ነው።

የብረቱ ስም ምን ይነግረናል?

ደንበኞች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ብረቱ ዓይነት ነው። የእንግሊዙ ሬይኖልድስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1935 «531» የተባለውን የማንጋኒዝና የሞሊብዲነም ቅይጥ ብረት ካቀረበ ወዲህ፣ በፍሬም ላይ የሚለጠፈው ቁጥር እንደ ማዕረግ ሲታይ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የቀረበው «853» ደግሞ ከ1,200 ሜጋፓስካል በላይ የሆነ የመሳብ ኃይል ካልደረሰበት አይበጠስም።

ነገር ግን ጥንካሬና ግትርነት ሁለት የተለያዩ ባሕርያት ናቸው። ጥንካሬ ብረቱ ሳይጎብጥና ሳይሰበር የሚችለውን ጭነት ይገልጻል። ግትርነት ደግሞ በአንድ በተወሰነ ጭነት ምን ያህል እንደሚለመጥ ያመለክታል። የብረቱን ግትርነት የሚለካው የያንግ ሞዱለስ፣ በርካሹም ሆነ በውዱ አረብ ብረት 200 ጊጋፓስካል ገደማ ነው። እፍጋቱም ቢሆን በሁሉም ዘንድ በአንድ ኩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.8 ግራም ያህል ነው። በመሆኑም ሁለት ቱቦዎች በቅርጽና በመጠን እኩል ከሆኑ፣ ዋጋቸው የቱንም ያህል ቢራራቅ፣ ሲመዘኑም ሲለመጡም እኩል ናቸው። የውዱ ብረት ጥቅም ጠንካራ በመሆኑ የቱቦውን ግድግዳ ለማሳሳት ማስቻሉ ነው።

ግትርነትን በእጅጉ የሚለውጠው የቱቦው ዲያሜትር ነው። ግድግዳው ስስ የሆነ ቱቦ መለመጥን የሚቋቋምበት አቅም ከዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። ለምሳሌ የግድግዳው ውፍረት ሳይለወጥ 28.6 ሚሊ ሜትር የነበረው ቱቦ ወደ 31.8 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ፣ ክብደቱ በ11 በመቶ ገደማ ሲጨምር ግትርነቱ ግን ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ክብደቱ ከፍ ያለ ወይም ዕቃ የሚጭን ብስክሌተኛ ሰፋ ያለ ቱቦ፣ ቀላል ሰው ደግሞ ጠበብ ያለ ቱቦ ቢመርጥ የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው።

ልክና ዘዌ

እንግዲህ አስቀድሞ ሊወሰን የሚገባው ምንድን ነው? መልሱ የመቀመጫው፣ የፔዳሉና የመሪው አቀማመጥ ነው። ሦስቱ ነጥቦች ከተወሰኑ በኋላ ብስክሌቱ እንዴት እንደሚታጠፍ ይታሰባል።

የመሪው ዘንግ የሚዞርበት መስመር ወደ ታች ቢራዘም፣ ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ቀድሞ ያርፋል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት «ትሬይል» ይባላል። የጎማው ሬዲየስ 336 ሚሊ ሜትር፣ የመሪው ዘዌ 73 ዲግሪ፣ የፊት ሹካው ወደ ፊት የሚወጣበት ርቀት 45 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ትሬይሉ 56 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ቁመቱ አጭር ለሆነ ሰው በዚህ መጠን የተሠራ ፍሬም ችግር ሊያስከትል ይችላል፤ በጠባብ መታጠፊያ ላይ የጫማው ጫፍ ከፊት ጎማው ጋር ይጋጫልና። ጎማውን ለማራቅ ዘዌውን ወደ 71 ዲግሪ ብቻ ዝቅ ብናደርግ ትሬይሉ ወደ 68 ሚሊ ሜትር ያድግና መሪው ይከብዳል። የሹካውንም ርቀት ወደ 56 ሚሊ ሜትር ብናሳድገው ግን ትሬይሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ጎማውም ከእግር ይርቃል። ለልክ ሥራ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ተገቢ የሚሆነው እንዲህ ባለው ጉዳይ ነው።

ይህ ሲባል ትሬይል ብቻውን ሁሉን ይወስናል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ትሬይልም ሆነ የጎማ ሽክርክሪት ውጤት ሳያግዘው ራሱን ችሎ ሚዛኑን የሚጠብቅ ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ መሥራት እንደሚቻል በተግባር አሳይቷል። የክብደት ሥርጭትም የራሱ ድርሻ አለው።

ከዚህ ቀጥሎ የጎማው ስፋት ይወሰናል። «አረብ ብረት ይመቻል» የሚለው አባባል በከፊል ብቻ እውነት ነው። በሦስት ማዕዘን የተያያዙ ቱቦዎች ከላይ ወደ ታች የሚለመጡት በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ የመንገዱን ንዝረት በዋናነት የሚያበርደው በጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህ ዛሬ 25 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚጠቀም ሰውም ቢሆን ፍሬሙ 32 ሚሊ ሜትር እንዲያስገባ ቢያሠራ ይመከራል። የፍሬኑ ዓይነትም አብሮ መወሰን አለበት፤ የዲስክ ፍሬን ኃይሉን በሹካው አንድ እግር ታችኛ ጫፍ ላይ ስለሚያሳርፍ ወፍራም ሹካ ይጠይቃል።

እሳቱና መገጣጠሚያው

ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1897 የፈጠራ መብት ያገኘበት ቱቦ ጫፎቹ ወፍራም፣ መሐሉ ስስ ነው። ብዙው ጭንቀትና የብየዳው ሙቀት የሚያርፉት ጫፎቹ ላይ በመሆኑ፣ ብረቱም በሚፈለግበት ቦታ ተከማችቷል። ቱቦው ሲቆረጥ ወፍራሙ ክፍል እንዳያጥር ግን ቱቦ ከመታዘዙ በፊት ልኩ መታወቅ አለበት።

መገጣጠሚያው በናስ ሲያያዝ ሙቀቱ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ በብር ቅይጥ ከሆነ ወደ 650 ዲግሪ ዝቅ ይላል። በሁለቱም ዘዴዎች ቱቦው ራሱ አይቀልጥም። በቲግ ብየዳ ግን የቱቦው ብረት ይቀልጣል። እ.ኤ.አ. በ1976 የቀረበው «753» በሙቀት ሕክምና ያገኘውን ጥንካሬ በእሳት እንዳያጣ በብር ቅይጥ እንዲያያዝ ይፈለግ ነበር። ኩባንያውም ቱቦውን ይሸጥ የነበረው የሙከራ መገጣጠሚያ አቅርበው ላለፉ ሠሪዎች ብቻ ነበር። ከዚህ የምንረዳው የሠሪው እጅ ከብረቱ ስም የማያንስ ዋጋ እንዳለው ነው።

የውኃ መያዣ፣ የጭቃ መከላከያና የዕቃ መጫኛ ማሰሪያዎችም ከቀለም በፊት መበየድ አለባቸው፤ በኋላ የሚጨመር ማሰሪያ ቀለሙን ያቃጥላልና። አረብ ብረት ከውስጥ ስለሚዝግ፣ ውኃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳና በቱቦው ውስጥ የሚቀባ የዝገት መከላከያ ዘይት መጠየቅም አይዘነጋ።

በአጠቃላይ ቅደም ተከተሉ አካል፣ ዘዌ፣ ጎማና ፍሬን፣ የቱቦ ስፋት፣ መገጣጠሚያ፣ በመጨረሻም የብረቱ ስም ቢሆን ይመረጣል። ደንበኛው ቅድሚያ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የሰፈሩበትን ንድፍ ጠይቆ በጥሞና ይመልከት። በወረቀት ላይ ያለ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ በብረት ላይ ያለውን ለማረም ግን ቱቦ መቁረጥ ያስፈልጋል።