ሰዓቱ «124/79» ሲላችሁ ምን ማለቱ ነው?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ መድኃኒት ወይም ስለ ምግብ አይደለም፤ ስለ ሰዓት ነው። «ዶክተር፣ ይሄ ስማርት ሰዓት ግፊት ይለካል ወይ?» «ስልክ ላይ ጣት አስቀምጦ ግፊት የሚለካ አፕ አውርጃለሁ፣ ይታመናል?» «ሰዓቴ ኦክስጅንህ 91 ነው አለኝ፣ ምን ልሁን?» የሰዓታችሁን ፎቶ ብቻ ያለ ምንም ጽሑፍ የምትልኩልኝም አላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

እኔ የስማርት ሰዓት ጠላት አይደለሁም፣ ራሴም አስራለሁ። እርምጃዬን ይቆጥርልኛል፣ ብዙ ስቀመጥ ተነስ ይለኛል፣ በሽተኛ እያየሁ ስልክ ሲደወል በንዝረት ይነግረኛል። ችግሩ ሌላ ነው። ሰዓቱ በደንብ የሚያውቀው ነገር አለ፣ ዝም ብሎ የሚገምተው ነገርም አለ። ስክሪኑ ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት ድፍረት ነው የሚጻፉት። የትኛው የትኛው እንደሆነ አይነግራችሁም።

እስቲ ሰዓቱን ከእጃችሁ አውልቁና ገልብጡት። ከጀርባው ብልጭ ብልጭ የሚል አረንጓዴ መብራት ታያላችሁ። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል። ልባችሁ በመታች ቁጥር እጃችሁ ውስጥ ያለው ደም ለቅጽበት ይጨምራል፣ ያኔ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል። ሰዓቱ ያንን መቀነስ ይቆጥራል። የልብ ምት ቆጠራው ይኼ ነው፣ ቁጭ ብላችሁ ሰዓቱም ላላ ሳይል ከታሰረ በጥሩ ሰዓት ላይ የሚታመን ነው። ስትሮጡ፣ እጃችሁ ሲበርድ፣ ወይም ሰዓቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ጥቁር ንቅሳት ካለ ይሳሳታል።

የልብ ምት መዛባትን በተመለከተም ምስጋና የሚገባው ሥራ ተሠርቷል። አፕል ሰዓት ላይ ያለው የኢሲጂ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካን የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ (ኤፍዲኤ) ፈቃድ አግኝቷል። በ2019 ደግሞ ከ400,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። «የልብ ምትህ የተዛባ ይመስላል» የሚል መልእክት የደረሳቸው ከ200 ሰው አንድ ገደማ ብቻ ናቸው። መልእክት ከደረሳቸው መካከል ደረታቸው ላይ የሚለጠፍ መመርመሪያ አድርገው ከመለሱት ውስጥ 34 በመቶው ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ተገኘ። ይኼ መዛባት ለስትሮክ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰዓት ደጋግሞ «ምትህ ተዛብቷል» ካላችሁ አትናቁት፤ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ኢሲጂ ተነሱ።

አሁን ወደ ግፊት እንምጣ።

ክሊኒክ ውስጥ ክንዳችሁ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ሲነፋ ምን እንደሚያደርግ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የደም ቧንቧውን ተጭኖ ለጥቂት ሰከንድ ይዘጋዋል። ከዚያ ቀስ እያለ ሲለቀው ደሙ እየገፋ ማለፍ ይጀምራል፣ ማሽኑም በዚያ ጊዜ የሚፈጠረውን ንዝረት ያዳምጣል። ግፊትን በግፊት ነው የሚለካው። እጅ አንጓችሁ ላይ ያለው ሰዓት ግን (የሚነፋ ማሰሪያ ካላቸው ጥቂቶች በስተቀር) ምንም ነገር አይጫንም። ያለው መብራት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይኼን በቀላሉ ይረዳዋል፦ ውኃ ከቧንቧ ሲወርድ አይታችሁ «ዛሬስ ግፊት አለው» ልትሉ ትችላላችሁ። ግን ስንት ነው ብትባሉ ቁጥሩን ከየት ታመጡታላችሁ?

ጠንቃቃ የሆኑት አምራቾች ይኼን ያውቃሉ። ለምሳሌ ሳምሰንግ ግፊት የሚያሳዩ ሰዓቶቹ ላይ መጀመሪያ በእውነተኛ የክንድ መለኪያ ተለክታችሁ ቁጥሩን እንድታስገቡለት ይጠይቃል፣ በየ28 ቀኑም እንድትደግሙት ያዛል። ማለትም የክንድ መለኪያው ከሌላችሁ ሰዓቱም አይሠራም። መገናኛም ሆነ መርካቶ በርካሽ የሚሸጡት፣ ካርቶናቸው ላይ «ግፊት፣ ኦክስጅን፣ ስኳር» ተብሎ የተጻፈባቸው ግን ብዙዎቹ ይኼንን አይጠይቁም። ዕድሜና ፆታ ታስገባላችሁ፣ ቁጥር ይሰጣችኋል። አንዱን እኔ ራሴ በጥቅል ሶፍት ላይ አስሬ ሞክሬዋለሁ። የልብ ምት 78፣ ግፊት 118/76። ሶፍቱ ከእኔ የተሻለ ጤና ላይ ነው።

የስልክ አፖቹ ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። «ኢንስታንት ብለድ ፕሬዠር» የሚባል አፕ ነበር። ጣታችሁን ካሜራው ላይ፣ ስልኩን ደረታችሁ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ግፊታችሁን ይነግራችኋል። ከ4 እስከ 5 ዶላር ይሸጥ ነበር፣ ለወራትም ከ50ዎቹ በብዛት ከሚሸጡ የአይፎን አፖች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። በ2016 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች 85 ሰዎች ላይ ከእውነተኛው መለኪያ ጋር አነጻጸሩት። ከፍተኛ ግፊት ከታየባቸው አምስት ሰዎች ውስጥ አራቱን ገደማ «ደህና ነህ» ብሎ አሳልፏቸዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ኩባንያውን በሐሰት ማስታወቂያ ጠይቆታል።

ልብ በሉ፣ አፑ የዘፈቀደ ቁጥር አልነበረም የሚሰጠው፤ ሁሉንም ሰው ወደ መሀል ነበር የሚጎትተው። ከፍ ያለውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ ያደርገዋል። ጤናማ ሰው ሲሞክረው «ትክክል ነው እኮ!» ይላል፣ አምስት ኮከብ ሰጥቶ ለጓደኛው ይልካል። የሚጎዳው ያ መሣሪያ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አውቃለሁ። (ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ቀይሬዋለሁ።) ስልሳዎቹን የጀመሩ፣ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ለስምንት ዓመት የግፊት መድኃኒት፣ አምሎዲፒን፣ ሲወስዱ ኖረዋል፤ ቀጠሮ የማያጓድሉ ነበሩ። ከዚያ ሰባት ወር ጠፉ። ተመልሰው ሲመጡም «ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔም ብዥ እያለብኝ ነው» ብለው ነው እንጂ ለግፊት አይደለም። ለካናቸው፣ 192/114። አሳርፈን ደገምነው፣ 188/112።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?»

«ኧረ ከተውኩት ቆየሁ፤ ግፊቴ እኮ ተስተካክሏል» አሉና እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሰዓት አሳዩኝ። ዋሽንግተን ያለችው ልጃቸው ናት የላከችላቸው። በየጠዋቱ ቁጥሩን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልኩላታል፤ እሷም «ጎበዝ አባዬ» ትላቸዋለች። 124/79። 121/80። 126/78። ሰባት ወር ሙሉ።

በአንዱ ክንዳቸው ማሽኑን አስረን በሌላው እጃቸው ሰዓቱን እንዲጫኑት አደረግሁ። ማሽኑ 188 ሲል ሰዓቱ 125 አለ። ቁጥሮቹን አንዴ ይኼን አንዴ ያንን እያዩ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ አትዋሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ልጅቱ አልዋሸችም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አምና፣ ከደመወዟ ቀንሳ፣ አባቷን ከሩቅ ለመጠበቅ ነው የላከችው።

የኩላሊት ምርመራቸው ከበፊቱ ከፍ ብሎ ነበር፣ ዓይናቸውም ውስጥ ያሉ ትንንሽ የደም ቧንቧዎች ተጎድተዋል። ከፍተኛ ግፊት አያምም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሠራው፤ ስትሮክ ይዟቸው ሳይጥላቸው መምጣታቸው ዕድል ነው። መድኃኒቱን መልሰን ጀመርን፣ ሁለተኛም ጨመርንበት። ልጅቱን በቪዲዮ ደውለን አነጋገርናት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ የሰዓቱን ድርጅት ሰደበች፣ ከዚያ የክንድ መለኪያ በሚመጣ ሰው ላከች። ከሦስት ሳምንት በኋላ 146/88 ነበሩ፤ ገና ነን፣ ግን እየወረደ ነው። ሰዓቱን አላስወለቅኋቸውም፣ ምክንያቱም ሰዓት ብቻ አይደለም ለእሳቸው። አሁን በየቀኑ ለልጃቸው የሚልኩት የእርምጃ ቁጥራቸውን ነው፣ ባለፈው 7,200 ገብተዋል።

ስለ ኦክስጅንም ብዙ ስለምትጠይቁኝ ልለፈው አልፈልግም። የኦክስጅን መለኪያም የሚሠራው በብርሃን ነው፣ ቆዳ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም ደግሞ ብርሃን ይውጣል። ይኼ ለእኛ ተራ ጉዳይ አይደለም። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል ባሉ የጣት መለኪያዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ መለኪያው ከ92 እስከ 96 ባለበት ጊዜ በደም ምርመራ ሲታይ ኦክስጅናቸው ከ88 በታች የሆነ ሰዎች ከጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ፣ ከነጮች 3.6 በመቶ ነበሩ። የሆስፒታሉ እንዲህ ከሆነ የእጅ ሰዓቱን አስቡት። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ጤነኛ ሰው ላይ 93 ወይም 94 ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ምንም ሳይሰማችሁ ሰዓቱ 91 ካለ እጃችሁን አሙቁ፣ ሰዓቱን ጠበቅ አድርጉ፣ ቁጭ ብላችሁ ድገሙት፤ እንደዚያው ከቀጠለ በጣት መለኪያ ታዩ። ትንፋሽ እያጠራችሁ ሰዓቱ 97 ካለ ግን ሰዓቱን ተዉትና ወደ ሐኪም ሂዱ።

ስኳር አጭር ነው። ኤፍዲኤ በየካቲት 2024 (በአውሮፓውያኑ) ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይበሳ የደም ስኳር የሚለካ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳልፈቀደ ተናግሯል። ክንድ ላይ የሚለጠፈውና ቀጭን ክር ቆዳ ውስጥ የሚያስገባው መለኪያ ሌላ ነው፣ እሱ ቁጥሩን ወደ ሰዓት መላክ ይችላል። ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች በሰዓት ግምት ተነስታችሁ መጠን እንዳትጨምሩ፤ ስኳር ወርዶ ራስን መሳት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

የእንቅልፍ ነጥብም አለ። «ዛሬ 61 አገኘሁ» ብላ በጭንቀት የመጣች ወጣት ነበረች። ጠዋት ስትነሳ ደህና ነበርኩ ትላለች፣ ነጥቡን ስታይ ነው የደከማት! ነጥብ ለማሳደድ ሲባል እንቅልፍ ማጣት ከ2017 ጀምሮ ስምም ወጥቶለታል፣ ኦርቶሶምኒያ ይባላል። ለሷ ያዘዝኩት ሰዓቱን ማታ ማታ ቻርጅ ላይ እንድትሰካው ነው።

ወደ ግፊት ልመለስና ቤት ውስጥ መለካት የምትፈልጉ እንዲህ አድርጉ። መለኪያው በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር ይሁን፤ ጨርቁ ለክንዳችሁ ካጠረ ቁጥሩ በውሸት ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ወፈር ያላችሁ ሰዎች ትልቁን ጠይቁ። ቡና ከጠጣችሁ፣ ካጨሳችሁ ወይም ስፖርት ከሠራችሁ 30 ደቂቃ ይለፍ። (አቦሉን ጨርሳችሁ፣ ቶናው ሳይቀርብ የለካችሁት አይቆጠርም።) ሽንት ከመጣ ቀድማችሁ ውጡ። ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ መሬት አስረግጣችሁ 5 ደቂቃ ተቀመጡ። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ከፍታ ይሁን። በሹራብ ላይ አይታሰርም፣ ባዶ ክንድ ላይ ነው። እየለካችሁ አታውሩ፣ ስልክም አታንሱ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለኩ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለአንድ ሳምንት፤ ሁሉንም ጻፉት፣ ደስ የማይላችሁንም ቁጥር ጭምር። ቤት የተለካው አማካይ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው፣ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ። ማሽኑንም አንድ ቀን ይዛችሁት ኑና ከክሊኒኩ ጋር እናስተያየው።

180/120 ካለፈና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም፣ የእጅ መዛል ወይም የንግግር መኮላተፍ ካለ ሁለተኛ መለካት አያስፈልግም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

መለኪያ ልትገዙ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ሊልክላችሁ ከሆነ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የማሽኑን ስምና የሞዴል ቁጥር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በገለልተኛ ባለሙያዎች ተፈትነው ያለፉ ማሽኖች ዝርዝር አለ፣ እያየሁ ማታ ማታ እመልሳለሁ። ለእናት ለአባታችሁ ሰዓት የላካችሁ ደግሞ ዛሬ ስትደውሉ «የግፊት መድኃኒትህን ዛሬ ዋጥክ?» በሉና ጠይቋቸው።