የኢየሩሳሌም ተሳላሚ መስቀል

ኒሻን ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የጦር ሜዳ ጀግናን ወይም ባለሥልጣንን ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግን ቅድስት ሀገርን ለተሳለመ ምእመን የምትሰጠው የክብር ምልክት አላት፤ የኢየሩሳሌም ተሳላሚ መስቀል ይባላል። ያቋቋሙት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ ሲሆኑ ዘመኑም 1901 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ተብሎ ሦስት እርከን አለው።

ቅርጹ በቀላሉ ይለያል። መሃል ላይ አንድ ትልቅ መስቀል፣ በአራቱ ማዕዘን ደግሞ አራት ትንንሽ መስቀሎች አሉት። አምስቱ በአንድነት የክርስቶስን አምስት ቁስሎች ያመለክታሉ ይባላል፤ አምስቱን ቅንዋተ መስቀል እየሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከመሃሉ የሊዮ 13ኛ ምስል ተቀርጿል።

ተሳላሚ ምልክት ይዞ መመለሱ ከሜዳሊያው እጅግ የቆየ ልማድ ነው። በመካከለኛው ዘመን ወደ ስፔኗ ሳንቲያጎ የሄደ አውሮፓዊ የባሕር ዛጎል፣ ከኢየሩሳሌም የተመለሰ ደግሞ ዘንባባ ይዞ ይታይ ነበር። በእንግሊዝ ካንተርበሪ፣ በ1170 የተገደሉትን የሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬትን መቃብር የተሳለሙ ሰዎች ከቆርቆሮና ከእርሳስ የተሠሩ ርካሽ ምስሎችን ገዝተው ባርኔጣቸው ላይ ይሰፉ ነበር።

ንግዱም ደርቶ ነበር። ማተሚያን በመፈልሰፍ የሚታወቀው ዮሐንስ ጉተንበርግ፣ ከዚያ በፊት ስትራስቡርግ ሳለ ከሸሪኮቹ ጋር ለጀርመኗ አኸን ከተማ ተሳላሚዎች የሚሸጡ የብረት መስተዋቶች ያመርት ነበር። በሕዝብ ብዛት ምክንያት ወደ ከተማዋ ንዋያተ ቅድሳት መቅረብ ያልቻለ ሰው መስተዋቱን ከሩቅ ከፍ አድርጎ በረከቱን ይቀበልበታል ተብሎ ይታመን ነበር። ንዋያተ ቅድሳቱ ለሕዝብ የሚታዩበት በዓል ግን በወረርሽኝ ሳቢያ ከ1439 ወደ 1440 ተላለፈ። የሸሪኮቹ ጉዳይም መጨረሻው ፍርድ ቤት ሆነ፤ ይህን ሁሉ የምናውቀውም ከክሱ መዝገብ ነው።

የኢየሩሳሌሙ ሜዳሊያ ግን በገበያ አይሸመትም። በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም የሚሰጡት የቅድስት ሀገር ጠባቂ የሚባሉት የፍራንቸስካውያን አለቃ ናቸው። የማኅበሩ መነኮሳት በዚያ ምድር መኖር የጀመሩት በ13ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ በ1342 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 6ኛ የቅዱሳት መካናት ጥበቃን በይፋ ሰጧቸው። ከዚህ በላይ ሌላ ሥልጣንም ነበራቸው፤ የፍራንቸስካውያኑ አለቃ ለዘመናት ከአውሮፓ የመጡ መኳንንትን በጌታ መቃብር ዘንድ የክብር ፈረሰኛ (ናይት) አድርገው ይሾሙ ነበር። በ1847 የላቲን ፓትርያርክ መንበር ኢየሩሳሌም ላይ እንደገና ሲቋቋም ይህ ሥልጣን ወደ ፓትርያርኩ ዞረ። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ የመጣው መስቀል ሹመት አይደለም፤ ዘር ማንዘርም አይጠይቅም።

ጊዜው ራሱ ብዙ ይናገራል። በ1882 ፈረንሳውያን የአሳምፕሽኒስት ማኅበር ካህናት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በመርከብ ይዘው ኢየሩሳሌም ገቡ። በ1892 ከያፋ ወደብ ወደ ኢየሩሳሌም የባቡር ሐዲድ ተከፈተ። ቀድሞ ተናዝዞና ቤተሰቡን ተሰናብቶ የሚነሣበት ጉዞ በእንፋሎት መርከብና በባቡር የሚፈጸም ሆነ። ቦታዎቹን ለማየት ብቻ የሚመጣው አገር ጎብኚም ከተሳላሚው ጋር በአንድ ፉርጎ ይሳፈር ጀመር። ሁለቱን በልብስም በስንቅም መለየት ባልተቻለበት ሰዓት፣ አንዱን ብቻ የሚመለከት ምልክት መሠራቱ አጋጣሚ አይመስልም።

የምሥራቅ ክርስቲያኖች ደግሞ ከደረት ይልቅ ክንድን መርጠዋል። ግብጻውያን፣ አርመናውያንና ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች በኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ መስቀልና ዓመተ ምሕረት እየተነቀሱ ይመለሱ ነበር። ንቅሳት ከሜዳሊያ የሚበልጥበት ነገር አለው፤ አይጠፋም፣ አይሰረቅም፣ ለልጅም አይወረስም።

ሌሎች መካናት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ሳንቲያጎ በእግሩ ለመጣ ሰው የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ ሲሆን፣ ይህንንም ተጓዡ በየመንገዱ ያስመታው ማኅተም ያረጋግጣል። የኢየሩሳሌሙ መስቀል ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። ሮምን ወይም የፈረንሳይዋን ሉርድን አሥር ጊዜ የተሳለመ ሰውም በዚያ ብቻ አያገኘውም።