ጋን፣ ጀሪካንና የወይራ ጭስ፦ ስለ መጥመቂያ ዕቃ ተረትና እውነታ

ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በጭላሎ ተራራ ግርጌ በተቀመጠችው አሰላና በዙሪያዋ ባሉት የአርሲ ደጋዎች ገብስ ቆሎና ገንፎ ብቻ ሳይሆን መጠጥም ነው። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የቢራ ገብሱን እያበቀለ ለቢራ ፋብሪካዎች ሲያቀርብ፣ በየቤቱ ደግሞ ገብሱ በቅሎ፣ ታምሶና ተፈጭቶ ከጌሾ ጋር ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ድፍድፍ፣ ድፍድፉም በአማርኛ ጠላ፣ በኦሮምኛ ፈርሶ የሚባለው መጠጥ ይሆናል። የከብቱ ወተትም በቅል ረግቶ እርጎ ይወጣዋል። በስኳር ጣፍጦ በእርሾና በባክቴሪያ ኅብር የሚቦካው ኮምቡቻ የተባለው የሻይ መጠጥም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። እነዚህ ሁሉ በጥሬ ዕቃና በአሠራር ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ አሲድ እያፈሩ ለሰዓታት፣ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት በአንድ ዕቃ ውስጥ ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ መጠጡ የዕቃውን ግድግዳ ያለማቋረጥ ስለሚነካ፣ ከግድግዳው የሚሟሟው ሁሉ ወደ ጠጪው ሆድ ይገባል። ስለ ገብሱና ስለ ጌሾው የሚደረገው ጥንቃቄ ለዕቃውም ሊደረግ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሲድነት መጠን የሚገለጸው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። 7 ላይ ያለ ፈሳሽ አሲድም አልካሊም አይደለም፤ ቁጥሩ በአንድ በወረደ ቁጥር ግን አሲድነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። የደረሰ ጠላና በወጉ የረጋ እርጎ አብዛኛውን ጊዜ በ4 እና በ5 መካከል ሲገኙ፣ ኮምቡቻ እስከ 3 አካባቢ ይወርዳል፤ ይህም ማለት አሲድነቱ ከእነርሱ ከአሥር እስከ መቶ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ተረት፦ መጠጡ ከጎመዘዘ ጀርሙን ሁሉ ስለሚገድል የዕቃው ዓይነት ለውጥ አያመጣም።

እውነታ፦ የዚህ አባባል ግማሹ ትክክል ነው፤ አሲድነት ብዙ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይገታል፣ ፒኤቹ ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥም ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያስከትለው ባክቴሪያ አያድግም። ይሁን እንጂ ባክቴሪያውን የሚያዳክመው ያው አሲድ ብረቱን ይበላል፣ የዕቃውን ቅብ ያሟሟል፣ በፕላስቲኩ ውስጥ ተደብቆ የቆየውንም ኬሚካል ይስባል። ተሕዋስያን ሕይወት ስላላቸው ይሞታሉ፤ እርሳስና ፀረ ተባይ ግን ሕይወት የላቸውምና በመጎምዘዝም ሆነ በመፍላት አይጠፉም።

ተረት፦ የብረት ዕቃ ስለማይሰበር ከሁሉም ይሻላል።

እውነታ፦ ጥንካሬና ለምግብ ተስማሚነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግራጫ ሆኖ የሚያብለጨልጨው የቆርቆሮ ባልዲ፣ ልክ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ዚንክ ውኃን ለዓመታት ቢቋቋምም በአሲድ ፊት ፈጥኖ ይሟሟል። ጎምዛዛ መጠጥ አድሮበት በታጠበ የዚንክ ባልዲ ውስጥ የፈሳሹ ወለል የደረሰበት መስመር ደብዝዞ፣ ከመስመሩ በታች ያለው ገጽ ሸካራ ሆኖና ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ይዞ ቢታይ፣ ያ የጎደለው ገጽ ወደ መጠጡ ሄዷል ማለት ነው። ብዙ ዚንክ የተቀላቀለበትን መጠጥ የጠጣ ሰው ብዙ ሳይቆይ ማቅለሽለሽ፣ ትውከትና የሆድ ቁርጠት ይይዘዋል፤ ሕመሙም በቀላሉ በጉሹ ወይም በጌሾው ብዛት ሊመካኝ ስለሚችል ጥፋተኛው ባልዲ ለሚቀጥለው ድግስ እንደገና ይወጣል። መዳብም በአሲድ ተሟሙቶ ተመሳሳይ ሕመም ያመጣል።

አሉሚኒየምም ጎምዛዛ ነገር ሲያድርበት ይሸረሸራል። የበለጠ የሚያሳስበው ግን ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ቀልጦ በእጅ የሚሠራው ድስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ በካሜሩን ድስቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዲህ ያሉ ዕቃዎች አሲድ ሲነካቸው እርሳስ እንደሚለቁ አሳይቷል። እርሳስ የልጆችን አእምሮ እድገት የሚጎዳ ብረት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለውም ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለውም። ከብረቶች ለመጥመቂያ የሚመረጠው ዝገት የማይነካው፣ በተለምዶ ስቴንለስ ስቲል የሚባለው፣ ለምግብ የተሠራው ዓይነት ነው።

ተረት፦ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ሽታው የጠፋ ጀሪካን ንጹሕ ነው።

እውነታ፦ በአርሲ ደጋዎች ከሁሉ ይበልጥ ሊታረም የሚገባው እምነት ይህ ነው፤ ምክንያቱም አካባቢው የስንዴ አገር ነው፣ የስንዴ አገር ደግሞ የኬሚካል ዕቃ በብዛት የሚገኝበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የኢትዮጵያን ስንዴ በሰፊው አጠቃ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ደግሞ ዲገሉ የተባለው፣ በአርሲና በባሌ በስፋት ይዘራ የነበረው የስንዴ ዝርያ በግንድ ዋግ ተመታ። ዋግ የሰብሉን ቅጠልና ግንድ የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ ስለሆነ፣ ገበሬው ምርቱን ለማዳን ፀረ ዋግ መድኃኒት ይረጫል፤ ለአረሙም ሌላ መድኃኒት አለው። ርጭቱ ካለቀ በኋላ የሚተርፈው ባዶ ዕቃ ጠንካራ፣ ቀላልና ክዳኑ የሚገጥም በመሆኑ ለውኃ፣ ለወተት ወይም ለጠላ የሚመች ይመስላል።

ነገር ግን ብዙ ፀረ ተባዮች በዘይት መሰል ሟሚ የተዘጋጁ በመሆናቸው የፕላስቲኩን ገጽ ማርጠብ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጡ ሰርገው ይገባሉ፤ እጥበት የሚያነሳው በገጹ ላይ ያለውን ነው፣ የሰረገው ግን ቀስ በቀስ ተመልሶ ወደሚቀጥለው ፈሳሽ ይወጣል። የጀሪካኑ ቅርጽም ለእጥበት አይመችም፤ መያዣው ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ስለሆነ ፈሳሽ ይሸሸግበታል፣ የክዳኑ ጥርስም ቅሪት ይይዛል፣ የታችኛው ማዕዘንም ከብሩሽ ይሰወራል። ሽታ ደግሞ አስተማማኝ ምስክር አይደለም፤ አንዳንዱ መርዝ ሽታ የለውም፣ ሌላው አፍንጫ ከሚለየው መጠን በታች ሆኖም ይጎዳል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባዶ የፀረ ተባይ ዕቃ ሦስት ጊዜ እንዲለቀለቅና እንዲበሳ የሚመክር ቢሆንም፣ ሦስቱ ልቅለቃ ዕቃው ሲወገድ አደጋው እንዲቀንስ የታሰበ ነው እንጂ ለምግብ እንዲመለስ አይደለም፤ የሚበሳውም ተመልሶ ወደ ጓዳ እንዳይገባ ነው። የነዳጅ፣ የአሲድና የበረኪና ጀሪካንም ለመጠጥ አይሆንም።

ተረት፦ ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ነው፤ ወይ ሁሉም መርዝ ነው፣ ወይ ሁሉም ደኅና ነው።

እውነታ፦ በብዙ የፕላስቲክ ዕቃዎች ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር ይታተማል። 1 የታሸገ ውኃ ጠርሙስ የሚሠራበትን ፔት፣ 2 አብዛኛው ጀሪካን የሚሠራበትን ከፍተኛ እፍጋት ያለውን ፖሊኤትሊን፣ 5 ደግሞ ፖሊፕሮፒሊንን ያመለክታል፤ ሁለተኛውና አምስተኛው አሲድን በደንብ ስለሚቋቋሙ ለማቡኪያ ተመራጭ ናቸው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚነግረው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው፤ የፀረ አረም ጀሪካንም 2 ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ለምግብ መሠራቱን የሚጠቁመው የብርጭቆና የሹካ ምልክት ነው። ከተደባለቀ ቆሻሻ ዳግም ቀልጠው የሚሠሩ ጥቁር ባልዲዎችና በርሜሎች ቀድሞ ምን እንደነበሩ ስለማይታወቅ ለጎምዛዛ መጠጥ አይመረጡም። በሽቦ ወይም በአሸዋ የተፋቀ ፕላስቲክም በጭረቶቹ ውስጥ ብሩሽ የማይደርስባቸው ተሕዋስያን ስለሚሰፍሩበት ከማቡኪያነት ሊሰናበት ይገባል። አረቄን የመሰለ ብርቱ አልኮል ከፕላስቲክ ውስጥ ከጠላ ይልቅ ብዙ ነገር ስለሚያሟሟ፣ ለእርሱ የሚሻለው ብርጭቆ ነው።

ተረት፦ ሸክላ የተፈጥሮ አፈር ስለሆነ ምንጊዜም አይጎዳም።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ1998 በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት የተዘገበ ጉዳይ ለዚህ መልስ ይሰጣል፤ ኮምቡቻን በሸክላ ማሰሮ እያቦኩ ለስድስት ወር ያህል የጠጡ ባልና ሚስት በእርሳስ ተመረዙ፤ የመርዙ ምንጭም ማሰሮው የተቀባው ቅብ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቅብ በእሳት ቀልጦ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሽፋን ሲሆን፣ አንዳንዱ በቀላሉ እንዲቀልጥ እርሳስ ይጨመርበታል። የአገራችን ጋን፣ እንስራና ማሰሮ ግን በባህላዊው አሠራር ያለዚህ ቅብ በክፍት እሳት የሚተኮሱ በመሆናቸው ይህ ስጋት አይነካቸውም፤ ከሌላ አገር ለጌጥ የመጣ ባለ ቅብ ማሰሮ ወይም በቀለም የተዋበ ሸክላ ግን እንደ ጋን ሊታመን አይገባም።

ጋኑም የራሱ ጠባይ አለው። ግድግዳው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት የቀደመውን ጠመቃ እርሾ ይይዛል፤ ጠማቂዎች የለመደ ጋን ይሻላል የሚሉትም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ያው ቀዳዳ መልካሙን እርሾ እንደሚያስቀር ሻጋታንም ያስቀራል፤ ውስጡ የሻገተ፣ የተሰነጠቀ ወይም በጥገና የተለጠፈ ጋን ለመጠጥ አይመለስም። ሳሙናም ወደ ሸክላው ስለሚሰርግ ለጋን አይበጅም።

ተረት፦ በወይራ የታጠነ ዕቃ ከማንኛውም ነገር የጸዳ ነው።

እውነታ፦ በኦሮምኛ ኤጄርሳ በሚባለው በወይራ ጭስ ዕቃን ማጠን ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ ልማድ አይደለም። ጭሱ ተሕዋስያንን የሚያዳክሙ ፌኖል የተባሉ ውሕዶችን ይዟል፤ ኢትዮጵያዊው የተሕዋስያን ተመራማሪ ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት የዕቃ መታጠን በእርጎ መርጋት ላይ ያለውን ተጽዕኖ መርምረዋል። ጭሱ ግን የሚሠራው በገጽ ላይ ባለ ሕይወት ላይ ነው፤ ዚንክን ወደ ኋላ አይመልስም፣ ፀረ ተባይን ከፕላስቲክ አያወጣም፣ ቆሻሻ ያለበትንም ዕቃ በእጥበት ፈንታ አያነጻም። የቀድሞ ሰዎች ቅደም ተከተሉን ያውቁ ነበር፤ መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ቀጥሎ በብዙ ውኃ ይለቀለቃል፣ በመጨረሻ በሚጨሰው ወይራ ላይ ይደፋል።

ዕቃው ከጋን ወደ ጀሪካን ሲለወጥ ይህ የጽዳት ሥርዓት ሊከተለው አለመቻሉ እምብዛም አይስተዋልም፤ ጀሪካን በትኩስ ጭስ ላይ ቢደፋ ይጣመማል፣ በጠባብ አፉም እጅና ግራዋ አይገቡም። ስለዚህ ፕላስቲክ ለመረጠ ቤት ሰፊ አፍ ያለው ዕቃ፣ ለስላሳ መፋቂያ፣ ሳሙና፣ የተመጠነ በረኪናና በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅ የጋኑን ጭስ ይተካሉ። የማለቅለቂያውን ውኃ በተመለከተ፣ በአሰላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ እንደሚመከረው መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል።

ተረት፦ ክዳኑ በጠበቀ መጠን መጠጡ ይጠበቃል።

እውነታ፦ እርሾ ከእያንዳንዱ ግራም ስኳር ሩብ ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ አየሩ በሳሳበት ደጋ ይህ መጠን ይበልጥ ይሰፋል። በአንድ ጀሪካን ውስጥ ሳይቦካ የቀረ 100 ግራም ስኳር ብቻ ከ25 ሊትር በላይ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። በጭቃ የተመረገ የጋን አፍ ይህን ጋዝ ቀስ እያለ ያስተነፍሳል፤ በጥርስ የተጠመዘዘ የጀሪካን ክዳን ግን አያስተነፍስም፣ ስለዚህም ጀሪካኑ ይነፋል። ከሁሉ ይበልጥ ለአሲድ የማይበገረው ብርጭቆም በግፊት ከፈነዳ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ኮምቡቻ እስኪደርስ በንጹሕ ጥቅጥቅ ጨርቅ ይሸፈናል እንጂ አይታሸግም፤ ጠላ ደግሞ ጋዝ የሚወጣበት መንገድ ሊተውለት ይገባል።

እንግዲህ ዕቃ ሲመረጥ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገሮች ሊጠየቁ ይገባል፤ ከዚህ በፊት ምን ይዞ ነበር፣ አሲድ ቢነካው ምን ይለቃል፣ እጅና ዓይን እስከ ሥሩ ይደርሱበታል ወይ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ካላገኘ የቀሩት ሁለቱ መልስ ዋጋ የለውም። ለልጅ የሚቀዳው እርጎና ለእንግዳ የሚቀርበው ጠላ ደኅና እንዲሆን የሚያደርገው የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራውም በጓዳ ሳይሆን በስንዴው ማሳ ዳር ነው፤ ርጭቱ እንዳለቀ የዚያኑ ዕለት የተበሳ ባዶ ጀሪካን ለማንም ጠማቂ አይሸጥም፣ በማንም ቤት ጠላ አይጠመቅበትም።