እውነት ወይስ ተረት? መምህሩ ለዶክትሬት ሲሄድ

ደብረ ታቦር ላይ አንድ መምህር ሦስተኛ ዲግሪ ሊማር ነው ሲባል፣ በተለይ የሚያጠናው የትምህርት ፖሊሲ ከሆነ፣ ቡና ላይ የሚነሣው ወሬ የታወቀ ነው። «ጠመኔ ሰልችቶት ከክፍል አመለጠ» ይባላል። «ልጅ አሳድጎ፣ ስንቱን አስተምሮ፣ ደግሞ ተመልሶ ተማሪ?» የሚልም አይጠፋም።

ሁለተኛውን ደቡብ ጎንደር ውስጥ መስማት ያሳዝነኛል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ድጓ የተማረ ሰው፣ የትም ይማር የት፣ ለማስመስከር የሚሄደው ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ። ዜማውን የዘለቀ ጎልማሳ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ምልክቱን አንድ በአንድ ይታረማል። አገሩም «ያስመሰከረ» ብሎ ያከብረዋል እንጂ «ወደ ኋላ ተመለሰ» አይለውም። ይሄኛው ተረት ነው፤ ያውም እዚህ ምድር ላይ ያልበቀለ።

«ከክፍል አመለጠ» የሚለው ግን ከፊሉ እውነት ነው። ዶክተር ሆኖ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመለስ ጥቂት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ይቀጥረዋል። ያስቆጫል። ክፍሉን ረሳው ማለት ግን ስሕተት ነው። ኮርሱ፣ ፕሮፖዛሉ፣ መረጃ መሰብሰቡ፣ ዲፌንሱ፣ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ የሚፈጀው ድካም ሁሉ የሚሽከረከረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር የተነሣ ነው።

የፕላዝማ ቴሌቪዥኑን ትምህርት እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. ግድም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ መሰጠት ጀመረ። ለመምህሩ የቀረችለት መግቢያና መደምደሚያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበረች። ልጁ እጁን ያወጣል፤ ስክሪኑ አይጠብቀውም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ግድግዳውን ተደግፎ ይህን ያየ መምህር «ማን ወሰነው? ምን ታስቦ? ገጠር ሲደርስስ ምን ሆነ?» ብሎ ከጠየቀ የትምህርት ፖሊሲ ጥናት ጀምሯል።

ሦስተኛም አለ፤ «ፖሊሲ የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ መምህር ምን አገባው?»። ታሪኩ ይህን አይልም። ሴክተር ሪቪው የተባለው ጥናት በ1964 ዓ.ም. በባለሙያዎች ተዘጋጀ፤ ለሁሉም ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ የሚል ነበረበት። ነገር ግን ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። ይዘቱ ሲወጣ መምህራን የድሃው ልጅ ከዚያ በላይ እንዳይዘልቅ በር ይዘጋበታል ብለው ተቆጡ፣ የደመወዝ ጥያቄም ነበራቸው፤ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። አብዮቱ ሲፈነዳ ከፊት ከነበሩት አንዱ መምህሩ ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ነበሩ። ያን ሰሞን ሁሉም የየራሱን ጥፋተኛ ፈለገ። እኔ ግን ይህ ቁጥር ከየት እንደጀመረ እንዲያጠና የምመርጠው ጉና ተራራ ሥር ያስተማረውን ሰው ነው። ኅዳር ላይ ገብስ ሲታጨድ ከስም መጥሪያው ላይ የሚጠፉትን ልጆች በስማቸው ያውቃቸዋል፤ የትኞቹ ተመልሰው እንደመጡም ያውቃል።