«በዘራችን የለም» ብላችሁ ከምርመራ አትቅሩ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው «የማህፀን በር ካንሰር በዘር ይተላለፋል» የሚል መልእክት ያሳሰበኝ ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። ያነበበችው ሴት ከሁለት አንዱን ትደመድማለች፦ በቤተሰቤ ስለሌለ አይነካኝም፣ ወይም እናቴን የወሰደ እኔንም አይምረኝም። ሁለቱም ከምርመራ ያስቀራሉ፤ ሴቶቹ ዘግይተው ሲመጡ የምንቀበላቸው ደግሞ እኛ የጤና ባለሙያዎቹ ነን። ስለዚህ ነገሩን በቅደም ተከተል እንየው።

1. ያለ ቫይረስ ይህ ካንሰር የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ከብዙ አገሮች በተሰበሰቡ የካንሰሩ ናሙናዎች ውስጥ ኤችፒቪ የተባለውን ቫይረስ በ99.7 በመቶው አግኝቷል። ሐራልድ ዙር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 ኖቤል የተሸለሙት ቫይረሱ የካንሰሩ መንስኤ መሆኑን በማሳየታቸው ነው። ይህ ያለቀለት ጉዳይ ነው።

2. ዘረመል የሚመጣው ከቫይረሱ በኋላ ነው። በኤችፒቪ ከተያዙ ሴቶች አብዛኞቹ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያጸዱታል፤ በጥቂቶቹ ግን ይቆያል፣ ለካንሰር የሚያበቃውም ይህ መቆየቱ ነው። አንዷ አጽድታው ሌላዋ ለምን ያቅታታል? የመልሱ አንዱ ክፍል በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ያሉት ኤችኤልኤ የሚባሉ ጂኖች ናቸው። በቫይረሱ የተያዘው ሕዋስ በእነሱ አማካይነት የቫይረሱን ፕሮቲን ቁራጭ ገጹ ላይ አውጥቶ ቲ ሴሎች ለሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ያሳያል፤ በደንብ ከታየ ቫይረሱ እጅ ከፍንጅ ይያዛል። ጂኖቹ ከሰው ሰው በጣም ስለሚለያዩ የማሳየት ችሎታቸውም ይለያያል። ለምሳሌ ዲአርቢ1*13 የሚባለው ዓይነት በተለያዩ ጥናቶች ከዝቅተኛ ስጋት ጋር ተያይዟል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የስዊድን ጥናትም ከ1,000 በላይ ታማሚዎችን ከ4,000 በላይ ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ በዚሁ አካባቢ ሦስት ቦታዎችን ለይቷል፤ ከሦስቱ አንዱ ስጋቱን ወደ 1.4 እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል።

3. አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የስዊድን መዝገቦች እንደሚያሳዩት የታማሚ ሴት ወላጅ እናትና እህት ስጋታቸው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል፤ በጉዲፈቻ እናት ላይ ግን ይህ ጭማሪ አልታየም። ከዚያ በመነሳት ከተጋላጭነት ልዩነቱ 27 በመቶው በውርስ እንደሚገለጽ ተሰላ። ይህን ቁጥር «ከ100 ሴቶች 27ቱ በዘር ይታመማሉ» ብሎ መተርጎም ትልቅ ጥፋት ነው። ቁጥሩ የሚለካው በአንድ ሕዝብ ውስጥ በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ስለ አንዲት ሴት ዕጣ አይናገርም። ኤችፒቪ ያልደረሰበት ሕዝብ ቢኖር ጂኖቹ እያሉ ካንሰሩ አይኖርም ነበር።

ከመልእክቱ ይልቅ የሚያሳዝነው ተቋሞቻችን ራሳቸው ስህተቱን ሲያጸኑት ነው። «በቤተሰብ ካንሰር ያለበት አለ?» ብሎ መጠየቅ ትክክል ነው። «የለም» ያለችውን «እንግዲያው አያሳስብሽም» ብሎ መሸኘት ግን ጥፋት ነው፤ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ እንዲህ ያለ የቤተሰብ ታሪክ የላቸውም። ደግሞስ የትኛው ታሪክ? አያቶቻችን «ማህፀኗን አሟት» ከመባል በቀር በሽታቸው ስም ሳይሰጠው አልፈዋል፤ ያልተመረመረ በሽታ የቤተሰብ ታሪክ ውስጥ አይገባም።

«ታዲያ ዘረመላችንን አስመርምረን እንወቅ» የሚሉ አሉ። 1.4 እጥፍ ግን «አንቺ ተመርመሪ፣ አንቺ ቅሪ» የሚያሰኝ ልዩነት አይደለም። ከጡት ካንሰር ጋር አታምታቱት፤ እዚያ በቢአርሲኤ ጂኖች ላይ የሚወረስ አንድ ለውጥ ስጋቱን በብዙ እጥፍ ያሳድጋል፣ በተለመደው የማህፀን በር ካንሰር ግን ያን ያህል ጉልበት ያለው ጂን አልተገኘም። የኤችኤልኤ ዓይነቶችም ከሕዝብ ሕዝብ ስለሚለያዩ የስዊድኑን ውጤት ለጎንደሯ ወይም ለጅማዋ ሴት እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

«ስለዚህ ዘር ዋጋ የለውም ማለት ነው?» አይደለም። የጂኖቹ ጥናት የሰውነት መከላከያ ወሳኝ መሆኑን ያረጋግጥልናል፤ ያንኑ በይበልጥ የሚያሳየው ግን ኤችአይቪ ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ስጋታቸው ከሌለባቸው ስድስት እጥፍ ነው። ቅድሚያ ለማን እንስጥ ከተባለ መልሱ እዚህ አለ።

እህቴ፣ እናትሽ ታማ ከነበረ ምርመራሽን አታዘግዪ፤ በቤተሰብሽ ማንም ካልታመመም አትቅሪ። 30 ዓመት ከሞላሽ፣ ኤችአይቪ ካለብሽ ደግሞ ከ25 ጀምሮ፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ «የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ» ብለሽ ጠይቂ። የቤተሰብ ታሪክ የለሽም ብለው ሊመልሱሽ ቢሞክሩ አትመለሺ። ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆችም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠውን የኤችፒቪ ክትባት አስከትቧት፤ ክትባቱን ለመውሰድ የማንም ዘር አይጠየቅም።