የሕፃናት ነቀርሳና የአዲስ አበባ መንገድ

ባለፈው ዓመት፣ የጥምቀት በዓል እንዳለፈ፣ የትውልድ መንደሩ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚገኝ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ፎቶግራፍ ሊያሳየኝ መጣ። ማታ በተንቀሳቃሽ ስልኩ መብራት ያነሣት የሁለት ዓመት እኅቱ ናት። ፎቶግራፉ ያማረ ነበር፤ ዳሩ ግን አንደኛው ዓይኗ እንደ ተለመደው ቀላ ብሎ ሲታይ ሁለተኛው ነጭ ሆኖ ያበራል። «መምህር፣ እናቴ እኮ ዓይኗ ማታ ማታ እንደ ድመት ያበራል ትላለች» አለኝ እየሣቀ። እኔ ግን መሣቅ አልቻልሁም።

በብርሃን ፊት የሚነጣ የሕፃን ዓይን ሁሉ ነቀርሳ ነው ማለት አይደለም፤ የዓይን ሞራም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሬቲኖብላስቶማ የተባለው፣ በዓይን ውስጠኛው ሽፋን ላይ የሚበቅለው ነቀርሳ፣ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያስታውቀው በዚሁ ምልክት ነው። ከዓይን ሳይወጣ ከተደረሰበት፣ በሀብታም አገሮች ከ100 ሕፃናት ከ95 በላይ ይድናሉ። በነርቡ በኩል ወደ አንጎል ከተሻገረ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ነቀርሳ ስንል ሁለት ነገር ይደባለቅብናል። የሳንባ ነቀርሳ በተሐዋስያን የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ካንሰር የሚባለው ነቀርሳ ግን የገዛ ሰውነታችን ሴል ሥርዐቱን አፍርሶ ያለ ልክ ሲራባ የሚፈጠር ስለሆነ ከታመመው ወደ ጤነኛው አይተላለፍም። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የልጅቱ ጎረቤቶች ልጆቻቸው ከርሷ ጋራ እንዳይጫወቱ ከልክለው ነበር።

በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሕፃናትና ወጣቶች በነቀርሳ ይያዛሉ። በሀብታም አገሮች ከ100 ከ80 በላይ ሲድኑ በድኻ አገሮች የሚድኑት ከ30 ያነሱ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ባወጣው ዕቅድ በ2030 ቢያንስ 60 ከመቶው እንዲድኑ ተመኝቷል።

ተማሪ የሆናችሁ አንባቢዎቼ አዲሱን መድኃኒት የሚፈልጉት እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ትሹ ይሆናል። ከነዚህ ብዙዎቹ የዶክተርነት ማዕረግ ከተቀበሉ በኋላ ወደ ሹመት ሳይሮጡ፣ በአንድ ታላቅ መርማሪ ሥር ጥቂት ዓመታት በቤተ ሙከራ የሚከርሙ ወጣቶች ናቸው። ደመወዛቸው የትምህርታቸውን ያህል አይደለም፤ በዚህስ ከእኛ ከመምህራን ጋራ ዘመዳሞች ናቸው።

ብዙ የሚደክሙት መደበኛው መድኃኒት ለማይበቃው፣ «ከፍተኛ አደጋ ያለበት» ለሚባለው ነቀርሳ ነው። ለምሳሌ ኒውሮብላስቶማ የተባለው የነርቭ ነቀርሳ ባብዛኛው ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ይይዛል። በነዚህ ሴሎች ገጽ ላይ ጂዲ-2 የሚባል ከስብና ከስኳር የተሠራ ምልክት አለ። መርማሪዎቹ ይህን ምልክት ፈልጎ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል ሠሩ፤ የሰውነት ወታደሮችም ተጣብቆ ባዩት ላይ ይዘምታሉ። በ2010 በታተመ፣ 226 ሕፃናት በተካፈሉበት ጥናት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ውስጥ 66 ከመቶው ሁለት ዓመት በሽታው ሳይመለስባቸው ሲቆዩ፣ ካልወሰዱት ግን 46 ከመቶው ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ 20 ነው፤ 50 ተማሪ ባለበት ክፍል ቢታሰብ አሥር ልጆች ማለት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ሲሰጥ ብርቱ ሕመም አለው፤ ዋጋውም አይቀመስም።

እንዲህ ሲባል ትልቅ ነገር የሚገኘው በትልቅ ቤተ ሙከራ ብቻ አይምሰላችሁ። ዴኒስ በርኪት በኡጋንዳ የሚሠራ፣ አንድ ዓይን ብቻ የነበረው የአየርላንድ ተወላጅ ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1958 የአፍሪካ ሕፃናትን መንጋጋ ስለሚያሳብጥ ነቀርሳ ጻፈ። በ1961 ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ በአንድ አሮጌ መኪና ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በየሆስፒታሉ «ይህን በሽታ አይታችኋል?» እያለ ጠየቀ። በሽታው የሚበዛው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቆላ፣ ወባ በሚጸናበት አገር ሆኖ ተገኘ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ብር ሸለቆ ለሚወርድ ሰው ይህ ሥዕል እንግዳ አይደለም። ከሁሉ የሚደንቀው፣ ጥቂት ጊዜ የተሰጠ ርካሽ መድኃኒት እንኳ እብጠቱን በቀናት ውስጥ ማሟሟቱ ነው።

በአገራችን ዋናው ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ ጎንደርና ጅማም ሥራውን ይዘዋል። የሕፃናት ነቀርሳ ሐኪሞችም እዚያው በጥቁር አንበሳ መሠልጠን ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። በ2004 ልጃቸው በደም ነቀርሳ የሞተባቸው ወላጆች የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቁመዋል፤ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ማኅበር ደግሞ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕፃናት ማረፊያ ይሰጣል።

እንግዲህ በቤተ ሙከራ የአደጋው መጠን የሚለካው በጂን ነው። እዚህ ምዕራብ ጎጃም ግን በመንገድም ይለካል፤ ደብረ ማርቆስን፣ ደጀንን፣ የዓባይን በረሃ አልፎ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል።

የተማሪዬ እኅት መጀመሪያ የዓይን ጠብታ ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ተመልሳ ነበር፤ ማን እንደሰጣት መናገሩ አይጠቅምም። ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር ታይታ አዲስ አበባ ተላከች። የታመመው ዓይኗ ወጣ፤ መድኃኒትም ስድስት ዙር ታዘዘላት። ከአራተኛው ዙር በኋላ እናቲቱ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥተው፣ «መምህር፣ ልጄ እንደሆነች ትሮጣለች፣ ትበላለች። አንዱን በሬ ሸጠናል፤ ሌላውን ከሸጥን በምን እናርሳለን? ከእንግዲህ ቢቀርስ?» አሉኝ። የሚሮጥ ልጅ ፊት ቆሞ በሽታው ተደብቆ ሊሆን ይችላል ማለት እንዴት ይከብዳል! በሰሌዳ ላይ እንደማስተምረው በወረቀት ሥዬ አሳየኋቸው። «የቀረው አረም እንደገና ማሳውን ይወርሳል ነው የምትለኝ?» አሉ። «አዎን እናቴ፣ እንደርሱ ነው» አልኋቸው። ምንም ሳይመልሱ ሄዱ።

በመምህራን መካከል ጥቂት ብር አዋጥተን በልጃቸው እጅ ላክን። በሳምንቱ ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ከቡሬ የተነሣው አውቶቡስ ፍኖተ ሰላም ሲቆም መንገድ ዳር ሆኜ ጠበቅሁ። እናቲቱ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፤ ልጅቱም በዕቅፋቸው ሆና ዳቦ ትበላለች።